የተማረም ይማር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ፈተናው ይለፍ እንጂ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ አልነካም» ሲሉ ይሰማሉ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ያላለ ከእኛ ውስጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው አስቀድመን ለራሳችን ነው፤ ቀጥሎም «ልጆቻችን ትምህርታቸውን ጨረሱ» ብላችሁ ለምትደሰቱ ወላጆቻችን ነው።

በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» የሚል አነጋገር አለ። አባቶቻችን ይህን ያሉት ለዕውቀት ያላቸውን ታላቅ አክብሮት ሲገልጹ ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ጠለቅ አድርገን ስንመረምረው አንድ ጥያቄ ይነሣል። የተማረ የሚባለው መቼ የተማረ ነው? ከ20 ዓመት በፊት ተምሮ ከዚያ ወዲህ መማሩን የተወ ሰው የተማረ ይባላልን? እንዲህ ያለው ሰው እጁ የገባውን ሕመምተኛ በእውነት ሊጐዳው ይችላል፤ ይህንንም የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን በቅንነት ነው። ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘነውም፤ በገዛ እጃችን ከሠራነው ጥፋት ተምረነዋል።

የትምህርት ቤታችን የሌሊት ዘበኛ የነበሩትን አባባን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ማታ በሩን ይጠብቁ፥ ቀን ደግሞ በቤታቸው ሸማ ይሠሩ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማለዳ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ እኛ ተራ ገብተን፥ ሁለት ሁለት እየሆንን፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላና በቅዳሜ ቀን ቤታቸው እየሄድን እናገለግላቸው ጀመር። ውሃ ቀዳንላቸው፥ የኮታቸውን ቍልፍ ቈለፍንላቸው፥ ጫማቸውን አሰርንላቸው። አባባ በግራ እጅ መብላትን እንደ ነውር ስለ ቈጠሩት፥ ምግባቸውንም እያጐረስን አበላናቸው። ቀኝ እጃቸው ከጋቢያቸው ሥር እንደ ተኛ አራት ወር አለፈ። ሰውም አመሰገነን፤ እኛም በራሳችን ደስ አለን።

ከዚያ በኋላ አንዲት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ሊያዩአቸው መጡ። ምሳ ስናጐርሳቸው ዝም ብለው ተመለከቱን። ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ፥ «ይህን ቀኝ እጅ ከሥራ ያሰናበተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን። ባለሙያዋም እጁን ከጋቢው በቀስታ አውጥተው አባባን «እስቲ ጣትዎን ይዘርጉ» አሏቸው። ሁለት ጣቶች ትንሽ ተንቀሳቀሱ። በአራት ወር ውስጥ ከእኛ አንዱም ይህን ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። «ካለ መጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ በእኛ አለመጠየቅ ሊቀር የነበረው ግን የአንድ ሽማግሌ እጅ ነበር።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ምን እንደ ሆነ ያልሰሙ ይኖሩ ይሆናልና በአጭሩ እንግለጽ። ሐኪም በሽታውን ሲያክም፥ ይህ ባለሙያ ደግሞ ሰውዬው እንደገና ራሱ እንዲበላ፥ እንዲለብስ፥ እንዲጽፍ፥ የእጅ ሥራውን እንዲሠራ ይረዳዋል። መድኃኒቱ ራሱ ሥራ ነው። ለአንዱ ሕፃን ጨዋታ፥ ለአንዷ እናት ቡና ማፍላት፥ ለአንዱ ገበሬ እርፍ መጨበጥ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ሙያ አጀማመር ራሱ ትምህርት አለበት። ጆርጅ ባርተን የሚባሉ አሜሪካዊ የሕንፃ ነዳፊ በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ፤ ኋላም ከግራ እግራቸው ከፊሉ ተቈረጠ፥ የግራ ጎናቸውም ሽባ ሆነ። እኚህ ሰው በአትክልት ቦታና በእንጨት ሥራ ራሳቸውን እያለማመዱ ስለ ዳኑ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ከተማ ሕመምተኞች በሥራ የሚረዱበት ቤት ከፈቱ። (ከዚህ በኋላም የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1917 ዓ.ም. በዚያው ቤት ኤሌኖር ክላርክ ስሌግልን፥ ዶክተር ዊሊያም ደንተንንና ሌሎችንም ሰብስበው የሙያውን ማኅበር መሠረቱ። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ከሙያው መሥራቾች አንዱ ሕመምተኛ ነበሩ። ሙያው ሲወለድ ጀምሮ ከሕመምተኛው የተማረ ሙያ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ይህን ሙያ አንድ ጊዜ አጥንቶ መመረቅ ስለ ምን አይበቃም? የመጀመሪያው ምክንያት ዕውቀቱ ራሱ የሚለወጥ መሆኑ ነው።

የአባባን ሕመም ምሳሌ እናድርግ። በቀድሞ ጊዜ የአዋቂ ሰው አንጎል አንድ ጊዜ ከተጐዳ ብዙም አይታደስም ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ደኅነኛው እጅ የሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ቆይቶ ግን ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ ተመራማሪና ሌሎችም ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ የደከመ እጅ አንዳንድ ጊዜ የማይሠራው ፈጽሞ ስለማይችል ሳይሆን አለመሥራትን ስለ ለመደ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች ተከታትሏል። ከእነርሱ ለከፊሎቹ ደኅነኛው እጅ በጓንት ተሸፍኖ፥ የደከመው እጅ ለሁለት ሳምንት በብርቱ እንዲለማመድ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ እጃቸው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ሰዎች እጅ የተሻለ ይሠራ ነበር። ይህ ዘዴ ግን ለሕመምተኛ ሁሉ የሚሆን አይደለም፤ አንጓውና ጣቶቹ ጥቂት እንቅስቃሴ ሊኖራቸው ይገባል። ማን እንደሚጠቀምበትና ማን እንደማይጠቀምበት መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ በቤት ውስጥ በግምት የሚሞከር አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ በፊት የተመረቀ ባለሙያ የድሮ ደብተሩን ዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ፥ እኛ ባለማወቅ ለአባባ ያደረግነውን እርሱ በዲፕሎማ ያደርገው ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአገራችን የቀረበ ነው። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ጣቶቹ የሚያጥሩት ሥጋው በራሱ እየበሰበሰ ስለሚወድቅ ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ይታሰብ ነበር። በሕንድ አገር በቬሎር ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ነገሩን ቀርበው መረመሩ። በሽታው ነርቭን ስለሚጐዳ እጅ ሕመም አይሰማውም፤ ሕመም የማይሰማው እጅ ደግሞ ትኵስ ድስት ሲያነሣ ይቃጠላል፥ መሣሪያ አጥብቆ ሲይዝ ይቈስላል፥ ቍስሉም ሳይታወቅ እየባሰ ጣቱን ይጨርሰዋል። ይህ በታወቀ ጊዜ የረዳቶቹ ሥራ ተለወጠ። ድስቱን በጨርቅ መያዝ፥ የመሣሪያውን እጀታ ማወፈርና ማለስለስ፥ ማታ ማታ እጅንና እግርን በዐይን መመርመር ዋና ትምህርት ሆነ። በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናንና ማገገሚያን ከማስተማር ጋር አያይዞ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለመጡ ሠራተኞች ትምህርት ሰጥቷል። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በአንድ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን በብዙ መድኃኒት ኅብረት እንዲታከም መከረ፤ አንዱን መድኃኒት በሽታው ተላምዶት ነበርና። በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ይህን የሚያህል ለውጥ መጣ። በወጣትነቱ በተማረው ብቻ የጸና ሠራተኛ በዚህ መካከል የት ይቆም ነበር?

የሙያው ሰዎች ይህን ስለ ተረዱ ሥርዐት አበጅተዋል። በ1952 ዓ.ም. የ10 አገሮች ማኅበሮች ተሰብስበው የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ፌዴሬሽኑ ባወጣው ደንብ መሠረት ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 1,000 ሰዓት ከሕመምተኞች ጋር በተግባር መሥራት አለበት። ከተመረቀም በኋላ ጉዳዩ አያልቅም። በአሜሪካ የብሔራዊ ማረጋገጫ ቦርዱን የምስክር ወረቀት ለማደስ በየ3 ዓመቱ 36 የትምህርት ነጥብ ያስፈልጋል። በብሪታንያ ምዝገባው በየ2 ዓመቱ ሲታደስ ከመቶው 2.5 ያህሉ በዕጣ ይመረጡና ምን እንደ ተማሩ፥ የተማሩትም ለሕመምተኞቻቸው ምን እንደ ጠቀመ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርትን ከጤና ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ እድሳት ጋር አያይዞታል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ነጥብ መሰብሰብና መማር አንድ እንዳይደሉ እኛ ተማሪዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ለፈተና በቃላችን አጥንተን በማግሥቱ የረሳነው ስንት ነው! «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ይህ ነው። ስብሰባ ገብቶ፥ ፊርማ ፈርሞ፥ የምስክር ወረቀት ይዞ የተመለሰ ሰው በማግሥቱ ሕመምተኛውን እንደ ትናንቱ ከያዘው ምንም አልተማረም። ስለዚህ ከላይ ከተናገርነው የብሪታንያ ጥያቄ ሁለተኛው ክፍል ይበልጥብናል፤ ይኸውም «የተማርከው ለሕመምተኛህ ምን ጠቀመው?» የሚለው ነው።

የዶክተር ጂን ኤርስ ታሪክ ይህን ይገልጽልናል። እኚህ አሜሪካዊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ በሥራቸው ላይ አንዳንድ ሕፃናት ዐይናቸውም ጆሮአቸውም ደኅና ሆኖ ሳለ ሲማሩና ሲንቀሳቀሱ እንደሚቸገሩ አዩ። «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ብለው አላለፉትም። የሚያውቁት ትምህርት ለጥያቄአቸው መልስ ስላልሰጣቸው ወደ ተማሪነት ተመልሰው በ1961 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ ዕድሜአቸውም ያን ጊዜ 40 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያም አንጎል ከዐይን፥ ከጆሮ፥ ከቆዳና ከጡንቻ የሚመጣለትን መልእክት እንዴት እንደሚያቀናጅ የሚያስረዳ ሐሳብ አቅርበው በ1972 ዓ.ም. መጽሐፍ አወጡ። የእርሳቸውም ሐሳብ ቢሆን እስከ ዛሬ እየተመረመረ፥ እየተነቀፈና እየተሻሻለ ይገኛል። ወደ ትምህርት ቤት የመለሳቸው ግን የነጥብ ፍላጎት አልነበረም፤ መልስ ያላገኙለት አንድ ሕፃን ነበር።

መማር የማያልቅበት ሁለተኛው ምክንያትም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ በማንኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ኑሮ ይዞ ይመጣል። ይህንንም በአባባ ቤት አየነው።

ባለሙያዋ አባባን «ከሁሉ አስቀድመው ምን መሥራት ይፈልጋሉ?» ብለው ጠየቋቸው። አባባም «በቀኜ መብላት፤ ከዚያም መወርወሪያዬን መያዝ» አሉ። ባለሙያዋ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ የተናገሩት ቃል ከልባችን አይጠፋም። «እኔ ስለ እጅ ተምሬአለሁ፤ ስለ ሸማኔ እጅ ግን አልተማርሁም። የተማርሁበት መጽሐፍ ስለ ሹካና ስለ ማንኪያ ብዙ ይናገራል፤ እንጀራ በቀኝ እጅ ቈርሶ ስለ መጠቅለል ግን አንድ መስመር የለውም። አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አሉ። እኛ ባለሙያ እንዲህ ሲናገር ሰምተን ስለማናውቅ ተገረምን። አባባ ግን ደስ አላቸው፤ ከታመሙ ወዲህ ሰው የሚያስተምሩት ነገር እንዳላቸው የሰሙት ያን ቀን ነበርና።

በሳምንቱ ባለሙያዋ ተመልሰው መጡ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከሸማኔዎች ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጠው፥ መወርወሪያው በየትኛው ጣት እንደሚያዝ፥ ማጉ በድሩ መካከል ሲያልፍ ሁለቱ እጆች እንዴት እንደሚቀባበሉ፥ እግሮቹም እንዴት እንደሚፈራረቁ ሲመለከቱ ውለው ነበር። ደብተራቸውንም አሳዩን። እያንዳንዱ ገጽ በሦስት ተከፍሏል፤ «ያየሁት»፥ «ያላወቅሁት»፥ «የምጠይቀው ሰው» ይላል። በሦስተኛው ረድፍ የሐኪም ስም አለ፥ የመጽሐፍ ስም አለ፤ ከሁሉ በታች ግን አባባ ራሳቸው ተጽፈዋል። ባለሙያዋ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ገጽ ሳይጽፉ እንደማይተኙ ነገሩን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ተለወጠ። አባባ መጀመሪያ ጨርቅ መጨበጥና መልቀቅ፥ ቀጥሎ ለስላሳ እንጀራ በቀኝ እጅ መቍረስ፥ ከዚያም ማግ በቀሰም ላይ ማጠንጠን ተለማመዱ። ለእኛ የታዘዘልን ሥራ ከሁሉ ይልቅ ከበደን፤ እጃችንን ሰብስበን እንድንቀመጥ ነበር የታዘዝነው። ቀድሞ በጥቂት ደቂቃ የምናበላቸው ምሳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅ ጀመር። ወጡ በጋቢያቸው ላይ ይፈስ ነበር። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ መታገሥ አቅቶት ጕርሻ ሲዘረጋ፥ አባባ በቀኝ እጃቸው ክንድ ገፋ አደረጉትና «ተው ልጄ፥ ልማርበት» አሉት። የገፋው እጅ ያ የተሰናበተው እጅ ነበር።

ተአምር ሆነ ብለን አንዋሽም። አባባ እስከ ዛሬ መወርወሪያውን እንደ ድሮው መወርወር አልቻሉም፤ ምናልባትም አይችሉ ይሆናል። በሰው ፊት ግን በቀኛቸው ይበላሉ። ልጃቸው በጕድጓዱ ሲቀመጥ አባባ አጠገቡ ሆነው ማጉን ያጠነጥኑለታል፥ ሲሳሳትም ያርሙታል። ያን አራት ወር ባናባክን ኖሮ ከዚህ የሚበልጥ ይገኝ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከእኛ ጋር ይኖራል። ባለሙያዋን ጠይቀናቸው ነበር፤ ለማጽናናትም ለመውቀስም ብለው አልመለሱልንም። «እናንተ አልተማራችሁም ነበር፤ አሁን ተምራችኋል። ከዚህ በኋላ የምታጠፉት ግን ይጠየቅባችኋል» ብቻ አሉን።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ይህን ቃል ይዘን እንውጣ። ከመካከላችን የጤና ሙያ የሚመርጡ አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በአገራችን የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት ስለ ጀመረ፥ ይህን ሙያ ለመማር የግድ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ጎንደር በ1954 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ስለ ሆነች ለእንዲህ ያለው ጅምር አዲስ አይደለችም። ሙያው በአገራችን ገና ለጋ ነውና የሚማሩት ሰዎች መጽሐፍ ማንበብ ብቻ ሳይሆን፥ ስለ ሸማኔው፥ ስለ ሸክላ ሠሪዋ፥ ስለ ገበሬው እጅ ራሳቸው መጽሐፍ መጻፍ ይኖርባቸዋል። ሌላ ሙያ የምንመርጠውም ብንሆን ያችን ባለ ሦስት ረድፍ ደብተር ለመያዝ የሚከለክለን የለም። መምህርም፥ መካኒክም፥ ጸሐፊም፥ ነጋዴም «ያላወቅሁት» የሚል ረድፍ ያስፈልገዋል። ያ ረድፍ ባዶ የሆነበት ቀን ሰውዬው ሁሉን ያወቀበት ቀን አይደለም፤ ማየት ያቆመበት ቀን ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ የምስክር ወረቀታችንን በግድግዳ ላይ ስትሰቅሉት ከመስተዋቱ ሥር «ጨረሰ» ብላችሁ አታንብቡት፤ «መማር ተፈቀደለት» ብላችሁ አንብቡልን። ከዓመታት በኋላ ሥራ ይዘን ሳለ ማታ ስናጠና ብታገኙን «ገና አልገባውም እንዴ?» አትበሉን።

ክቡር ዲሬክተራችንና የተከበራችሁ መምህሮቻችን፤ በዚህ የበዓል ቀን አንድ ልመና እናቀርባለን። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚህ ለወጡ ተማሪዎችና በአካባቢው ለሚሠሩ ሰዎች እንዲከፈት ይፈቀድልን። በየተራ በሩን መክፈትና መጽሐፍ መመዝገብ የእኛ ሥራ ይሁን፤ ስማችንን ጽፈን ለማቅረብ ተዘጋጅተናል። የምሥረታ በዓል የሚያልፈው በአንድ ቀን ነው፤ የተከፈተ በር ግን ከበዓሉ በኋላም ይኖራል።

ይህን ታሪክ እንድንናገር የፈቀዱልን አባባ ዛሬ ከአዳራሹ በስተኋላ ተቀምጠዋል። ትናንት ልናስፈቅዳቸው በሄድን ጊዜ «ምን ብላችሁ ልትጨርሱት ነው?» ብለው ጠየቁን። «ገና አላወቅንም» አልናቸው። አባባም ከት ብለው ስቀው «እንግዲያስ መልካም ነው፤ እንደዚያው ብላችሁ ንገሯቸው» አሉን።